በሎጎ ሐይቅ ዳርቻ ጀልባ ለሚጠብቁ ጥላ ይሠራላቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሎጎ ሐይቅ በጀልባ ለመዝናናት የሚመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ ዳርቻው ላይ መቆየቱ አይቀርም፤ በእኔ እምነት የጉዞው ትልቁ ደስታም እዚያው ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትን የእስጢፋኖስ ገዳም ተሳልሞ የወጣው ምእመን፣ ከገበያ የሚመለሰው ሙስሊም ጎረቤቱና የሩቅ አገር እንግዳ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይተዋወቃሉ፤ ጀልባው ደርሶ እንኳ ‹‹በረካውን ሳትጠጡማ አትሄዱም›› የሚሉ እናቶች አሉ።

ሆኖም እኛ የምንጠብቅበት ቦታ ጥላ ስለሌለው አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲፈጃቸው ማየት እጅግ ያሳዝነኛል። የሚመለከተው አካል የሣር ክዳን ዳስና አግዳሚ ወንበር እንዲያሠራ፣ የጀልባው መነሻ ሰዓትም በግልጽ እንዲለጠፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከሐይቅ ከተማ