የሉጉ ሐይቅ ተጓዦችና የሞሱዎ ሕዝብ ክብር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ቻይና ጉዞ የምታወጧቸው ጽሑፎች ከቤጂንግና ከጓንጁ ገበያ እምብዛም ስለማይርቁ፣ በዩናንና በሲቹዋን ክፍላተ ሀገር አዋሳኝ ስለሚገኘው የሉጉ ሐይቅ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። ሐይቁ በ2,690 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተራሮች ተከቦ ስለሚገኝ አየሩ ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የገሙ ተራራ ለመውጣት ግን ደጋ ያደገም ቢሆን እርምጃውን ማዘግየት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአካባቢው አውሮፕላን ማረፊያ ቢከፈትም፣ ጊዜ ያለው ሰው ከሊጂያንግ ከተማ በተራራው መንገድ ቢመጣና ቦርሳውን አዝሎ ዳርቻውን በእግሩ ቢዞር ይሻለዋል፤ የእንጨት ቤቶቹን፣ ማሳዎቹንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ሸንበቆ የሞላበት ረግረግ ረጋ ብሎ የሚያየው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው የሞሱዎ ሕዝብ ጉዳይ ነው። በእነርሱ ዘንድ የዘር ሐረግና ንብረት በእናት በኩል ይተላለፋል፤ በነባሩ ልማድ ወንዱ ወዳጁን ማታ ጎብኝቶ ሲነጋ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል፤ ልጆቹም በእናታቸው ቤት፣ በአያታቸውና በአጎቶቻቸው እጅ ያድጋሉ። ይህን ሥርዓት እንደ ልቅነት ቆጥረው ሴቶቹን በዚያ ዓይን የሚመለከቱ ጎብኚዎች፣ አዛውንት የሚከበርበትንና ሕፃን ያለ አሳዳጊ የማይቀርበትን ቤት ያዋርዳሉ። ስለዚህ የጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ሐይቁ በሚጽፍበት ጊዜ፣ ተጓዡ በምድጃው ዙሪያ የተቀመጡትን እናቶች ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ እንዳያነሳ አስቀድሞ እንዲያሳስብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ