ትኩሳቱ በረደ ማለት ልጁ ዳነ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምቱ ወጥቶ ውኃ ባቆሩ ቦታዎች ሁሉ የወባ ትንኝ ሲራባ፣ እኛ በምንኖርበት በባሕር ዳር አንድ የቆየ ክርክር ከየቤቱ ይሰማል፤ ልጅ ሲያተኩሰው ወዲያው ማብረጃ ይሰጠው ወይስ ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ እስኪለቀው ይጠበቅ?

ባለፈው ጥቅምት የአራት ዓመት ልጄ ከአመሻሽ ጀምሮ ሰውነቷ እሳት ሆነ። አማቴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በቡና አጠጧትና እንዲያልባት ጋቢ ደረቡባት፤ እኔ ደግሞ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ገዝቼ በወጥ ቤት ማንኪያ ሰጠኋት። ሌሊቱን ላብ በላብ ሆና አደረች፣ ጠዋት ቁርስ ጠየቀች፣ እኛም ተመስገን አልን። በማግሥቱ ማታ ግን ጥርሷ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጣት። ጤና ጣቢያ ወስደናት ከጣቷ ጠብታ ደም ተወስዶ በ20 ደቂቃ ገደማ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት መሆኑ ታወቀ፤ የ3 ቀን ኮአርተም ታዞላት ዳነች። ሽሮፑ ሙቀቱን ማውረዱ እውነት ነው፤ ተሕዋሲው ግን ያን ጊዜ ሁሉ በደሟ ውስጥ ይራባ ነበር። እኛ ያባከንነው አንድ ቀን ሙሉ ነው፤ ይህ የወባ ዓይነት ደግሞ ትንሽ ልጅን በአንድ ቀን ውስጥ ለሞት አፋፍ ሊያደርስ ይችላል።

ትኩሳት ራሱ በሽታ አይደለም። አንጎል ሰውነት ሊይዘው የሚገባውን የሙቀት ልክ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ልጁ እየነደደ በረደኝ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ 38 ዲግሪ አልፎም ቢሆን የሚጫወትና የሚጠጣ ልጅ ለቁጥሩ ሲባል ብቻ መድኃኒት መዋጥ የለበትም፤ ማብረጃው የሚያስፈልገው ሲያመውና እንቅልፍ ሲነሳው ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ አንዳንዴ ከትኩሳት ጋር የሚመጣው መንዘፍዘፍም በፓራሲታሞል እንደማይከላከል ወላጆች ቢያውቁ እላለሁ፤ ብዙዎቻችን መድኃኒቱን ደጋግመን የምንሰጠው በዚህ ፍርሃት ነውና።

መጠኑም የሚሰላው በማንኪያ ሳይሆን በክብደት ነው። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሚታሰብ፣ 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሰዓት ሊያልፍ ይገባል፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ከዚያ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። አስፕሪን ለልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይሰጥም። ጋቢ መደራረብም ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል እንጂ አያወጣም፤ ይህን ለአማቴ በአክብሮት ነግሬአቸው ተቀብለውኛል።

ይለቀዋል ብሎ መጠበቅን በተመለከተ ግን አቋሜ የጠነከረ ነው። ከ3 ወር በታች ያለ ጨቅላ ካተኮሰው፣ ወይም ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ባለ የወባ አካባቢ ማንኛውም ልጅ ካተኮሰው፣ ማብረጃ ተሰጠውም አልተሰጠው በዚያው ቀን ሊመረመር ይገባዋል።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችን የምለምነው፣ ሽሮፕ ስትሸጡ የልጁን ክብደት ጠይቁን፣ መለኪያ ስጡን፣ ደሙ መመርመሩንም ጠይቁን። ዝግጅት ክፍሉም ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት የሕፃናት ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ የሚጽፉበት ዓምድ ቢከፍትልን በብዙ ቤት ይነበባል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ፣ ከባሕር ዳር