እህቴን ላተረፋችሁልን ሁሉ

በደቡብ ወሎ በተሁለደሬ ወረዳ ለምትገኘው ቀበሌያችን ነዋሪዎችና ለቅሬው (ለዕድራችን) አባላት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ለጤና ጣቢያው አዋላጆችና ለአምቡላንስ ሹፌሩ፣ ለደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማህፀንና ፅንስ ክፍል ሠራተኞች፣ ስማችሁን ለማላውቀው ደም ለጋሾችም፤

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን።

እህቴ ከወሊድ በኋላ ከደረሰባት የደም መፍሰስ ድናለች። ልጇን እያጠባች ነው። ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ጠይቃችሁኛል፤ ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልሁ በቤተሰቡ ስም ምስጋናችንን በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። አልሐምዱሊላህ። ከአላህ ቀጥሎ ግን ማን ምን እንደሠራ ዘርዝሬ መናገር እፈልጋለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «ቀኗ አልደረሰም ነበር» ይለኛል። እኔም አምናለሁ። ሆኖም በዚያ ሌሊት ለእህቴ የደረሰላት ነገር ሁሉ ከዓመታት በፊት ሰው አስቦበት፣ ደክሞበት ያዘጋጀው ነው፤ ያ ድካም ሳይመሰገን እንዲያልፍ አልፈልግም።

ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ልትገባ ዕቃዋን ሸክፋ ሳለች ምጡ ቀድሞ መጣ። ልጁ እቤት ተወለደ። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ፣ ደሙም አልቆም አለ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልተገታ በሁለት ሰዓት ውስጥ እናትን ሊገድል ይችላል። እናቴ ይህን ከማንም አልተማረችውም፤ ታላቅ እህቷን የቀበረችው እንግዴ ልጅ ቀርቶባት ነው። ያኔ በቀበሌያችን የጤና ባለሙያ የሚባል ሰው አልነበረም። የሴትዮዋ ዕጣ እስኪነጋ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ነግቶም አላገኛት።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሕክምናው በሽተኛው ደጅ ድረስ ይሂድ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። የእኛዋ ባለሙያ ከእነዚያ አንዷ ናት። እህቴን ከመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ጀምሮ ታውቃታለች። የሴቶች ልማት ቡድን መሪ የሆነችው ጎረቤታችን ስትደውልላት፣ በዚያ ጨለማ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ መጣች። ከምላስ ሥር የሚቀመጠውን ኪኒን ሰጠቻት፤ ማህፀኗ እንዲኮማተር ሆዷን አሸች፤ ልጁን ጡት አስያዘች፣ ሕፃን ሲጠባ ማህፀን ይሰበሰባልና። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ሳለ በሌላው አምቡላንስ ጠራች። አባቴ «ሲነጋ ብንወስዳት አይሻልም?» ሲሏት «አባባ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ፣ ለንጋት አንቆይም፤ አሁኑኑ ትነሣለች» አለቻቸው። ባለሙያችን ሆይ፣ አባቴን ለማዘዝ በዚያች ሰዓት ስለደፈርሽ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።

ኢማማችን በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሲጣሩ ወጣቱ እንቅልፉን ጥሎ ወጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በቅሬው ቃሬዛ ሥር ትከሻ እየተቀያየራችሁ፣ በስልክ መብራት እየተመራችሁ፣ ያንን ቁልቁለት መኪና እስከሚደርስበት ድረስ አወረዳችኋት። ሴቶቹ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላችሁ «ማርያም ትቅረብሽ»፣ «አላህ ያውጣሽ» እያላችሁ ተከተላችሁ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ እኔ ኮምቦልቻ ነበርሁ።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ በሁለቱም ክንዷ ግሉኮስ ተከለችላት፣ መድማቱን የሚቀንሰውን መርፌ ወጋቻት፣ ደሙ አሁንም እንዳልተገታ ስታይ ጊዜ ሳታጠፋ ሪፈር ጻፈችና ራሷ አብራት አምቡላንስ ውስጥ ገባች። ከመነሣታቸው በፊት ግን ደሴ ደውላ ነበር። በእርግዝና ክትትል ካርዷ ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ኦ ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀደም ባሉት ወራት በተራ የክትትል ቀን የተመረመረ ደም ነው። አዋላጇ ያቺን ጽሑፍ በስልክ አነበበችላቸው። ካርዱ አሁን እኔ ዘንድ ነው፣ ደጋግሜ አየዋለሁ። እህቴ ደሴ ስትደርስ የሚሰጣት ደም ተዘጋጅቶ ጠበቃት።

ደም ለጋሾች ሆይ፣ ለእናንተ ምን እንደምል አላውቅም። በከረጢቱ ላይ ቁጥርና ቀን እንጂ ስም የለም። ድሮ በሆስፒታል በር ላይ የታማሚ ቤተሰብ «ደም የሚተካ ዘመድ አምጣ» ሲባል እናውቃለን፤ ዘመድ ያለው ይተርፋል፣ ከሩቅ ገጠር ብቻዋን የመጣች ይቸግራታል። አሁን በበጎ ፈቃደኞች የተሰበሰበው ደም ቀድሞ ባንክ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ እኔ ከኮምቦልቻ እስክደርስ ማንም አልጠበቀኝም። ስደርስ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ ነበር። ቤተሰብ መጣ አልመጣ፣ ሀብታም ነች ድሃ ነች ሳይባል ደሙ በእህቴ ሰውነት ውስጥ ይሄድ ነበር።

የሆስፒታሉን ሠራተኞች ሳመሰግን 2014 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። ከጦርነቱ በኋላ ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ዕቃው ተሰባብሮ ያየነው ሰዎች ነን። የደሴ ብቻ ሳይሆን የመላው ወሎና የአፋር ሕዝብ ሪፈር የሚላክበት ቤት ነው። ከዚያ ባዶ ግቢ ተነሥታችሁ የማዋለጃና የቀዶ ሕክምና ክፍሉን መልሳችሁ ያቆማችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች፣ መሣሪያና መድኃኒት የላካችሁ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ወገኖች፣ እህቴ የተኛችበት አልጋ የእናንተ ነው።

ከወሊዱ በኋላ የሆነውንም ልናገር። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። በአራስነቷ ግን ትኩሳት ያዛትና እንደገና ተኛች፤ ለዚያ ምርመራና መድኃኒት የከፈለላት የጤና መድህኑ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከፎገራና ከደቡብ አቸፈር ጋር የተመረጠችው የእኛዋ ተሁለደሬ ናት። ያኔ በየስብሰባው የነበረውን ክርክር አስታውሳለሁ። «ሳልታመም ስለ ምን እከፍላለሁ?» የሚል ብዙ ነበር፤ ብሩን ከማዳበሪያና ከልጆች ደብተር ቀንሶ ለሚያወጣ ገበሬ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕዝቡን ያሳመኑት ከላይ የመጡት አሠልጣኞች ብቻ አልነበሩም። አንድ የቅሬ ዳኛ ተነሥተው «ለመቀበሪያችን በየወሩ እያዋጣን ለመታከሚያችን በዓመት አንድ ጊዜ ማዋጣት ምን ያቅተናል?» አሉ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው።

እህቴና ባሏ መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ናቸው። ጎረቤት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ችግራቸውን መስክሮ፣ መዋጮው በመንግሥት በጀት ተሸፈነላቸው። የመድህን ደብተሩን ስታሳይ በመስኮቱ ማን እንደከፈለላት የጠየቃት አልነበረም። ለዚህ ለብቻው አመሰግናለሁ፤ ድሃ ሰው በሽታውን እንጂ ድህነቱን እንዲያስረዳ ሳይገደድ መታከሙ ለእኔ ከመድኃኒቱ አያንስም።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ለሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። የእናቴ እህት በመጀመሪያው ዘመን ያለፈች ናት። 412ም ግን እያንዳንዷ የሰው ልጅ፣ የሰው እናት ናት፤ ስለዚህ ከምስጋናዬ ጋር የማቀርበው ልመና አለኝ።

ለወረዳና ለክልል ኃላፊዎች፦ የመድህን ደብተር ይዞ የሄደ ሰው «መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከግል ግዛ» ሲባል በየቦታው እናያለን። ያ ሰው በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ አይከፍልም፤ ሊፈረድበትም አይችልም። መደርደሪያው እንዳይጎድል አድርጉ። የአምቡላንስ ነዳጅና ጎማ ከሌላ ወጪ በፊት ይታሰብ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሌሊት ተጠርተው ብቻቸውን ገደል ለገደል ይሄዳሉ፤ ቢያንስ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና የስልክ ካርድ ከራሳቸው ኪስ አያውጡ፤ የትምህርት ዕድልም ይከፈትላቸው። የቀበሌያችን መንገድ ከቆመበት ወደ ላይ ቢቀጥል፣ ያ ቁልቁለት የሚቀጥለውን ምጥ አይጠብቅም ነበር። ማቆያ ቤቱም እንጨትና እህል ከነዋሪው ብቻ እየተለመነ አይዝለቅ።

ልጁ የ6 ሳምንት ክትባቱን ወስዷል፤ የወጋችው ያችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን ናት። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ደሴ ደም ባንክ ሄደን ደም ለመስጠት ተነጋግረናል፤ ከኮምቦልቻ አብሮን መሄድ የሚፈልግ ይደውልልኝ፣ መኪና እናመቻቻለን። ቃሬዛውን የያዛችሁ ሁሉ ለአቂቃው (ስለ ልጁ መወለድ በግ ታርዶ ለሚደረገው ድግስ) ተጠርታችኋል፤ አዋላጇና ሹፌሩም ከተረኛነት ውጭ ከሆናችሁ እንድትመጡልን እንለምናለን፣ ተረኛ ከሆናችሁ ድርሻችሁን ጤና ጣቢያው ድረስ እንልካለን።

አላህ ውለታችሁን ይክፈላችሁ።

ወንድሟ፣ ከኮምቦልቻ