እትዬ፣ የእማዬን ነገር አትደብቂኝ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራውም ደህና ነው። ገንዘቡ ዛሬ በባንክ ተልኳል፤ ለምን እንደሆነ ከታች ጽፌልሻለሁ።

«ለሠርጌ ካልመጣህ ገንዘብህ ምን ያደርግልኛል?» ካልሽኝ ወዲህ ዝም ያልሁት ተቀይሜ አይደለም። ወረቀቴ ሳያልቅ ከአሜሪካ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይህንኑ ደግሜ ብጽፍልሽ ሰበብ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ። በዚህ መካከል ከቤተ መጻሕፍት የተዋስሁት አንድ ልብ ወለድ እንቅልፍ ነሣኝ።

የካናዳዊቷ ደራሲ የማርጋሬት አትውድ «ፔኔሎፒያድ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ። የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን «ኦዲሴ» በጀግናው በኦዲሴየስ ሚስት በፔኔሎፔ አንደበት ይተርካል። ኦዲሴየስ 10 ዓመት በትሮይ ተዋግቶ፣ 10 ዓመት ተንከራትቶ አገሩ ኢታካ ሲገባ የሚዘመረው ለእርሱ ነው። ቤቱን ያቆመችው ግን ፔኔሎፔ ናት። «ባልሽ ሞቷል፤ ከእኛ አንዱን አግቢ» የሚሉ ከመቶ በላይ ወንዶች ግቢዋን ሞልተው ከብቷን አርደው ሲበሉ፣ «የባሌን አባት መግነዝ ሸምኜ ልጨርስ» ብላ ቀን የሠራችውን ሌሊት እየተረተረች ከሦስት ዓመት በላይ አቆየቻቸው። ሳነብ የማየው አንቺን ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ «እማዬ ትንሽ ይሻላት» እያልሽ ሠርጉን ከጥር ወደ ሚያዝያ፣ ከሚያዝያ ደግሞ ወዲያ የገፋሽውን። በየማኅበሩ «አሜሪካ ያለው ልጇ» እየተባልሁ የምነሣው እኔ ነኝ። ሌሊት ተነሥታ መድኃኒቷን የምትሰጣትን ማን ያነሣታል?

አሥራ ሁለቱ ገረዶችም አሉ። አትውድ እንደጻፈችው እመቤታቸው ራሷ «ሰልሉልኝ» ብላ ወደ ወንዶቹ የላከቻቸው፣ መግነዙንም አብረዋት የተረተሩ ልጆች ናቸው። ባልየው ሲመለስ ከሃዲዎች ተብለው በገዛ ልጇ እጅ ተሰቀሉ፤ እርሷ ተኝታ ነበር። በቤሩትና በሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ትዝ ብለውኝ መጽሐፉን ዘጋሁት።

አንድ ነገር ግን አልተቀበልሁም። አትውድ የኦዲሴየስን እናት አንቲክሊያን ለምራቷ ፊት የማትሰጥ ቀዝቃዛ ሴት አድርጋ ስላታለች። ከዚያ በኋላ ሆሜርን ራሱን አነበብሁ፤ እዚያ ሌላ ሴት ናት። ልጁ በሙታን አገር ያገኛታል፤ ሲሄድ በሕይወት ትቷት ነበርና መሞቷን አያውቅም። «ምን በሽታ ገደለሽ?» ይላታል። በሽታ አይደለም፣ ያንተ ናፍቆት ነው ትለዋለች። ሊያቅፋት ሦስት ጊዜ እጁን ይዘረጋል፤ ሦስት ጊዜ እንደ ጥላ ታመልጠዋለች። እትዬ፣ ይህን አውቶቡስ ውስጥ ነበር ያነበብሁት፤ ሰው ሳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። እናትን ያህል ነገር እንዲህ ጽፎ የሄደውን ሰው፣ አትውድን ብወዳትም፣ በእርሷ አልለውጠውም።

እንግዲህ እውነቱን ንገሪኝ። «ስኳሯ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ የአክስታችን ልጅ ግን እግሯ ላይ ቁስል መውጣቱን ነገረችኝ። ለምን ከሌላ ሰው እሰማለሁ? ሩቅ ስለሆንሁ እንዳልጨነቅ ነው ትዪኝ ይሆናል። አለማወቁ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። እኔም የምደብቅሽ አለ፤ የእኔ ግን ድካም ብቻ ነው፣ እረፍት የሚያድነው። የስኳር ቁስል ቸል ሲሉት እግር ያሳጣል።

ከገንዘቡ ግማሹ ለእማዬ ሐኪም፣ ለመድኃኒቷና ቀን ቀን አብራት ለምትውል ሰው ነው። ሌላው ግማሽ የአንቺ ነው፤ ለቀሚሱ ጥልፍና ለድግሱ። «ለእማዬ ይሁን» ብለሽ እንዳትነኪው። የሠርጉን ቀን ቁረጡ፤ እማዬ ተቀምጣም ቢሆን ትመርቅሻለች። እኔን አትጠብቂ።

ሐኪሙ የጻፈላትን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ። ቁስሉንም እንዲሁ።

የሚወድሽ ወንድምሽ