እግርሽን ለቅዳሜ አበድሪኝ

ሰብልዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እማማ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። በመስከረም የላክሽልኝን መልእክት አንብቤዋለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳሰላስል ጊዜው ነጎደ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዘግይቶ መመለሱ አሳፈረኝ። ይቅርታ። ሰድበሽ ካልወጣልሽ ቅዳሜ በአካል ትጨርሺዋለሽ።

ቅዳሜ ያልኩሽ እግርሽን ስለምፈልገው ነው። ቀልዴን አይደለም። ቀኝ እግርሽን። መንጃ ፈቃድ ስትፈተኚ ፈታኙን ከመስታወቱ ጋር ያሳሳመውን፣ ያንኑ እግር።

ነገሩ የኮሮላዋ ፍሬን ነው። አዎ፣ አሁንም እሷን ነው የምነዳው፤ አትሳቂ። በቀደም እንጦጦ ማርያም ተሳልሜ ስመለስ ከፊቴ አንድ አይሱዙ እንጨት ጭኖ ይንፏቀቃል። እኔም ከኋላው ፍሬን መያዝ፣ መልቀቅ፣ መያዝ። ሽሮ ሜዳ ልደርስ ስል ፔዳሉ ልስልስ አለብኝና ወደ ታች ሰመጠ። ደጋግሜ ስረግጠው እንደምንም ያዘ። ማርሽ ቀንሼ፣ እመብርሃንን እየጠራሁ ወረድኩና ጥግ ይዤ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቼ ስሞክረው ፔዳሉ ደህና ነው! ጥንክር ብሏል። ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው። ተበላሽቶ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የፊት ጎማዎቹን ፈታና «የፍሬኑ ሸራ አልቋል» ብሎ ቀየረው። እውነቱን ነው፣ አልቆ ነበር። «የፍሬን ዘይቱስ?» ስለው፣ «የፍሬን ዘይት ይጨመራል እንጂ አይቀየርም» አለ። ሲናገር የሚያየው ደግሞ ወንድሜን ነው። ጠያቂዋ እኔ፣ መኪናዋ የእኔ፣ ከፋይዋ እኔ፤ መልሱ ለወንድሜ! ወንድሜ እንኳን ፍሬን ዘይት፣ የሻይ ስኳር የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

እልህ ያዘኝ። እልሄን ታውቂዋለሽ። ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ።

ይኸውልሽ፣ ይሄ የፍሬን ዘይት የሚሉት ፈሳሽ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በክረምት ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ እንደሚረጥበው ማለት ነው። በክዳኑም፣ ጎማ በሆኑት ቱቦዎችም በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ዓይነቱ ዶት 3፣ ዶት 4 እየተባለ በቁጥር ይለያል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ወደ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ አዲሱ 230፣ ውሃ የገባበት 155። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ አንቺ ስትረግጪ እንፋሎቱን ነው የምትጨምቂው፤ ጎማው ጋ የሚደርስ ኃይል የለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ይጠነክራል። ሽሮ ሜዳ ላይ የገጠመኝ ይሄው ይመስለኛል። ያለቀ ሸራ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ቶሎ ያሳልፋል። መካኒኩ ግማሹን ልክ ነበር፤ ግማሹን ነው እኔ ላይ የተወው።

ብዙ አምራቾች በሁለት፣ በሦስት ዓመት ቀይሩት ይላሉ። የእኔዋ ከገዛኋት ጀምሮ አልተቀየረላትም። ከእኔ በፊት የነበረውን እግዜር ይወቀው።

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ መለኪያ ላከችልኝ። እስክሪብቶ ታክላለች፤ ጫፏ ላይ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች፣ ጎኗ ላይ ትናንሽ መብራቶች አሏት። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት ዕቃውን ዙሪያ በጨርቅ ጠረግኩ፤ አንዲት አሸዋ እንኳ እንዳትገባ። ክዳኑን ከፍቼ ጫፏን ነከር አደረግኳት። ቀይ! ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ደስ ያለኝ ልክ በመሆኔ ነው፤ ከዚያ ነው መደንገጥ ያለብኝ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ግን መለኪያዋን ዝም ብዬ አላመንኳትም። የምትለካው ፈሳሹ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ነው፤ እንደ ዘይቱ ዓይነት ልትሳሳት ትችላለች። ትክክለኛውን የሚናገረው ዘይቱን በእውነት የሚያፈላው መሣሪያ ነው፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ እሽጉ ያልተነካ ዶት 4 ገዛሁና ትንሽ ቀድቼ ለካሁ። አረንጓዴ። ወንድሜ ከመኪናዋ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የወረወረውን፣ ከፍቶ ያስተረፈውን ዘይት ለካሁ። ቢጫ። በቃ፣ ትለያለች ማለት ነው። የተከፈተ ጠርሙስ ማስቀመጥም ለካ ዋጋ የለውም።

ቀለሙን ብታይው ደግሞ ጀበና ግርጌ የቀረ አተላ ነው የሚመስለው። ቀለም ውሃውን አይናገርም ይላሉ፤ ንጹሕ መስሎ ውሃ የጠጣ ዘይት አለ። እኔ ግን ካየሁት በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምክንያቱም፣ እማዬን ጅማ ልወስዳት ቃል ገብቻለሁ። የታናሿ ልጅ ሠርግ ነው። አውቶብስ «ወገቤን ይሰብረኛል»፣ አውሮፕላን «ሞቴን አታፋጥኑት»። ስለዚህ እኔና ኮሮላዋ። ከወልቂጤ አልፈሽ ወደ ግቤ በረሃ የሚወርደውን ታውቂዋለሽ። ስንመለስ ደግሞ ከአበልቲ ቁልቁል። ያ ሁሉ ጭነት መኪና፣ ያ ሙቀት። እማዬ ጋቢዋን ለብሳ ከጎኔ ተቀምጣ «ቀስ በይ» ስትለኝ ፔዳሉ ሲሰምጥ ይታየኛል። ለማንም አልነገርኩም። ለእሷማ ብነግራት በእግሬ እሄዳለሁ ትላለች። አንቺ ጎሃ ጽዮን ላይ አብረሽኝ ስለነበርሽ ለአንቺ መንገር ቀለለኝ። ያኔ የማልነው መሐላ አሁንም እንደጸና ነው፤ ለባልሽም ቢሆን።

ለባልሽ ብዬ ጻፍኩ። ሰብሊ... ሰምቻለሁ። አልጠይቅሽም። መስከረም ላይ መልስ ያጣሁትም ለዚያ ነው፤ የምለው ነገር ሁሉ አፌ ላይ እየቀለለብኝ። ማውራት ከፈለግሽ ጎማ ስንፈታ ታወሪኛለሽ፤ ካልፈለግሽ ደግሞ ስለ ቡሎን እናወራለን። ጭንቀቴን ይዤ መምጣቴ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ግን ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሰበብ ፈልጌ አይደለም።

እንዲህ ነው የምናደርገው። ግቢው ሜዳ ነው፤ መሬት ላይ ለቀሩት ጎማዎች ታኮ አደርጋለሁ። ክሪክ ላይ ብቻ አልተማመንም፣ መደገፊያ ብረት ከጎረቤት ተውሻለሁ። ሞተሩ ይጠፋል። ከዕቃው አሮጌውን ዘይት በስሪንጅ መጥጬ አዲሱን እሞላለሁ። ክዳኑ ላይ ዶት 3 ይላል፤ ዶት 4 ከእሱ ጋር ይስማማል። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ነው፣ በፍጹም አይቀላቀልም። ሻጩ «ያው ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር፤ ቁጥሩን ባላየው ጉድ ሆኜ ነበር።

ከዚያ አንቺ መሪ ትይዣለሽ፣ እኔ ወለል ላይ እተኛለሁ። ከፔዳሉ የራቀው ይቀድማል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መጨረሻ ያንቺ ጎን። ኤቢኤስ የሚባለው፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነገር የላትም፣ ስለዚህ ኮምፒውተር አንፈልግም። አየር ማውጫዋ ብሎን ላይ ቀጭን ቱቦ እሰካለሁ፤ ሌላው ጫፍ ሃይላንድ ውስጥ፣ ትንሽ አዲስ ዘይት ውስጥ የተነከረ። የጉሉኮስ ቱቦ ሞክሬ ነበር፣ ቀጠነ። ብሎኖቹን ዛሬውኑ ዝገት ማላቀቂያ ረጭቼባቸዋለሁ፤ አንዷ ከተሰበረች ሌላ ጣጣ ነው።

«ያዢ» ስልሽ ቀስ ብለሽ ትረግጪና ትይዣለሽ። ብሎኗን ትንሽ ሳላላት ፔዳሉ ከእግርሽ ስር ይወርዳል፤ አትደንግጪ፣ አብረሽው ውረጂ። ሳጠብቃት «ልቀቂ» እልሻለሁ። እኔ ሳልልሽ ከለቀቅሽ አየር ይገባና ከአንድ እንጀምራለን። እስከ ወለሉ ድረስም እንዳትረግጪ፤ ባረጀ መኪና የፍሬን ፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ ወርዶ በማያውቅበት ቦታ ያለው ዝገት ሊቀደው ይችላል። ስለማላምንሽ ፔዳሉ ስር ጣውላ አደርጋለሁ። በየመሃሉ ዕቃውን እየሞላሁ አሮጌው አተላ ወጥቶ ንጹሑ እስኪመጣ፣ አረፋውም እስኪጠፋ እንቀጥላለን። አንድ ሊትር ይበቃናል፣ ለመጠባበቂያ ሁለት ገዝቻለሁ።

አሮጌ ልብስ ልበሺ። የሚፈናጠረው ዘይት የመኪና ቀለም ይበላል፤ ቀለሙ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ነው። ዓይን ላይ ከሆነማ አይወራ። ታኮ ጫማ ደግሞ እንዳታደርጊ፤ ሶሉ ቀጭን ይሁን፣ ፔዳሉ ሲጠነክር በእግርሽ እንዲሰማሽ።

ስንጨርስ መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለን እንሞክራታለን፣ ከዚያ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል እንጦጦ ወጥተን እንወርዳለን። ካልፈራሽ አብረሽኝ ትወርጃለሽ። ምሳ ሽሮ አለ፤ ጾሙን ትጾሚ እንደሆነ አላውቅም፣ ለማንኛውም ሥጋ አልሠራሁም።

ሦስት ሰዓት ላይ ነይ። የአበሻ ቀጠሮ አይደለም፣ ልክ በሰዓቱ። እምቢ ካልሽ ወንድሜን ነው የማስረግጠው፤ እሱ ደግሞ «ያዢ» እና «ልቀቂ»ን የሚለይ አይመስለኝም።

ያንቺዋ፣
ሚሚ