ድምፁን ቀንሺው

ውድ ልጄ፣

«አባዬ፣ የላክህልኝ የሉት ሙዚቃ እንቅልፍ ያመጣል፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼው እንኳን አልጣመኝም» ያልሽውን አንብቤ ሳቅሁ። ጥፋቱን ራስሽ ነግረሽኛል።

ሉት የዐረቦቹ ባለ ክር መሣሪያ የዑድ ዘር ነው፤ ስሙም ከዐረብኛው «አል ዑድ» የመጣ ነው። ለትንሽ ክፍልና ለጥቂት ሰው የተሠራ፣ ድምፁ ለስላሳ መሣሪያ ነው። ሲቀረጽ ግን ማይክሮፎኑ አፍንጫው ሥር ይደቀናል፤ አንቺ ደግሞ ከፍተሽ ስትሰሚው ፒያኖ ያክላል። ቀንሺው፤ የማሞቂያው ድምፅ ሊውጠው እስኪቃረብ ድረስ ቀንሺው። ያኔ ጆሮሽ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። አያትሽ በዐቢይ ጾም በገና ሲደረድሩ «ዝም በሉ» ያለን ሰው አልነበረም፤ እኛው ዝም እንል ነበር። የበገናው ጅማት ከበግ አንጀት ነው፤ የጥንቱ ሉትም እንዲሁ። ሁለቱም አንጀት የሚበሉት ለዚህ ይሆን?

አሁን ያለሽበት የጀርመኑ ድሬስደን ደግሞ የሲልቪየስ ሌኦፖልድ ቫይስ ከተማ ነው። ከ1718 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ) የቤተ መንግሥቱ ሉት ተጫዋች ነበር። በ1722 አንድ ፈረንሳዊ ቫዮሊን ተጫዋች አውራ ጣቱን ነክሶ ሊቆርጠው ምንም አልቀረውም! ተርፎለት እስከ 1750 ኖረ፤ የሞተው ከጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከባህ ጋር በአንድ ዓመት ነው። ባህን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱን ግን ማን ይጠራዋል? ከ600 የማያንሱ ሥራዎች አሉት። የሉት ተጫዋቹ ሮበርት ባርቶ ሶናታ የሚባሉትን ድርሰቶቹን በ11 ሲዲ ቀርጾለታል። ከሁሉም በፊት በ1721 ለሞተው ለፕራጉ ባላባት ለሎዚ የጻፈውን ስሚ። ሎዚ ራሱም ሉት ተጫዋች ነበር። እንዲህ ያለውን የሐዘን ሙዚቃ ፈረንሳዮች «ቶምቦ» ይሉታል፤ መቃብር ማለት ነው። እኔ ግን ያለ ቃል የወረደ ሙሾ እለዋለሁ።

ከቫይስ የቀደሙትን ፈረንሳዮች፣ ዱፎን፣ ጋሎንና ሙቶንን፣ ሌላው የሉት ተጫዋች ሆፕኪንሰን ስሚዝ ቀርጿቸዋል። እነሱ ይከብዳሉ፤ ቶሎ ካልወደድሻቸው አልፈርድብሽም። ክሮቹን በአንድ ላይ አይመቱም፤ አንዱን ከአንዱ እያስከተሉ ይበትኑታል፤ ዜማውን የሚሰበስበው ሰሚው ነው። ደግሞ ክሩ ብዛቱ! የቫይስ ሉት በኋላ 24 ክር ደርሷል። የሃምቡርጉ የሙዚቃ ጸሐፊ ማቴሶን ሰማንያ ዓመት የኖረ የሉት ተጫዋች ስድሳውን ያሳለፈው ሲቃኝ ነው ብሎ ቀልዶባቸዋል። ክራሬን ስቃኝ ትስቂብኝ የነበርሽው ትዝ ይበልሽ።

የቫይስ የእጅ ጽሑፍ ከዩኒቨርሲቲሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ሙዚቃው በኖታ አልተጻፈም፤ በስድስት መስመር ላይ ፊደል ተደርድሮ ጣት የት እንደሚያርፍ ያመለክታል። «ኤ» (a) ያለበትን ክር በግራ እጅሽ ጣት ሳትጫኚ በባዶው ትመቻለሽ።

ፈተናሽን ስትጨርሺ መብራቱን አጥፍተሽ የሎዚን ሙሾ እንደገና ስሚው። አሁንም እንቅልፍ ካመጣብሽ ተኚ፤ እናትሽም «ልጄ እንቅልፍ አጣች» እያለች ነው።

አባትሽ