ሌንሱን አልጣልከውም

ወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም ቤተሰቡም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ኅዳር ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ጣቴ ደንዝዞ ጽሕፈቴ ቢበላሽ ታገሠኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። ባለፈው እሑድ እናታችንን ሥላሴ ደጅ አገኘኋቸው። ጉንጬን ስመው፣ «አንተ ልጅ፣ ከልጄ ጋር ምን አጣላችሁ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ለሳቸው ያልመለስኩትን ላንተ ልጻፍልህ። ሌንሱን አልጣልከውም። አሁን አውቄዋለሁ።

2013 ጥር ላይ ያንን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለሰርግ ሥራ አዋስኩህ። በመለስክልኝ ማግስት እኔም ሰርግ ነበረኝ። ከሙሽሮቹ ጀርባ ድንኳኑ ላይ ትንንሽ አምፖሎች ተንጠልጥለው ነበር። ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ስከፍት፣ ብዥ ካሉት መብራቶች መሐል ላይ ያሉት ክብ ናቸው። ጥግ ጥግ ላይ ያሉት ግን ተጨፍልቀው እንደ ሎሚ ጫፍና ጫፋቸው ሾሏል። ክቦቹ ውስጥ ደግሞ አንዲት ጥቁር ነጥብ ቦታዋን ሳትለቅ ትደጋገማለች። ደወልኩልህና «ጥለኸዋል» አልኩህ። «አልጣልኩትም» አልክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ለጥገና ስወስደው ሠሪው ሳይፈታው «መስታወቱ ከቦታው ተንቀሳቅሷል» አለኝ። ያንን ቃል ይዤ ዘጋሁህ።

ዘንድሮ ክረምት የድሮ ሃርድ ዲስክ ሳጸዳ የ2011 የፋሲካ ሌሊት ፎቶዎች ወጡ። ሌንሱን ገና ሳላውስህ በፊት ያነሣኋቸው ናቸው። ከምእመናኑ ጀርባ ጧፉ ሁሉ ብዥ ብሎ በርቷል። መሐል ላይ ክብ፣ ጥግ ላይ ሎሚ። ነጥቧም እዚያው ቦታዋ ላይ አለች። ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እስክረዳው እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲህ ነው። ከአንድ መብራት ተነሥቶ ሌንሱን ያለፈው ብርሃን እንደ ጎጆ ክዳን እየጠበበ ይሄዳል። ሴንሰሩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ፣ ጉልላቱ ላይ ካረፈ ጥርት ያለች ነጥብ ታገኛለህ። ከጉልላቱ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ግን ክዳኑን እንደ መቁረጥ ነው፤ የሚታይህ የቁራጩ ቅርጽ ነው። ቁራጩ ደግሞ መልኩን የሚወርሰው ብርሃኑ ካለፈበት ቀዳዳ ነው። ያ ሁሉ ክብ የአምፖሎቹ መልክ አይደለም፤ የሌንሱ ዓይን መልክ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 የፀሐይ ግርዶሹ ጠዋት ትዝ ይልሃል? በባሕር ዛፉ ቅጠል መሐል ሾልኮ ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ መሰለ። እዚያ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ስለነበሩ የታየን የፀሐይዋ ቅርጽ ነው። ካሜራ ላይ ግን ይገለበጣል። መብራቱ ትንሽ፣ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ቅርጹን የሚሰጠው ቀዳዳው ነው። ይቺን ስረዳ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሎሚውስ? ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ጣሳ ፈልግና እየው። ቀጥ አድርገህ ስታይበት ክብ ነው። ትንሽ አዘንብለው። የፊቱ አፍና የኋላው አፍ ይተላለፉና መሐላቸው የሚቀረው ክፍተት ልክ እንደ ሎሚ ይሾላል። ሌንስም ረዘም ያለ ቱቦ ነው። ጥግ ላይ ያለው መብራት በሰያፍ ስለሚገባ የቱቦው ጠርዝ ከፊሉን ይሸፍነዋል። ሌንሱን አውጥቼ በመስኮት ብርሃን አየሁት፣ አዘነበልኩት። ሎሚዋ እጄ ላይ ወጣች! ከዚያ ቀዳዳውን ከ1.8 ወደ 4 አጠበብኩት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። አሁን ሎሚነቱ ጠፋ፣ ግን መብራቶቹ ሁሉ አምስት ማዕዘን ሆኑ። ቀዳዳውን የሚያጠብቡት ስስ ብረቶች በዚህ ሌንስ ላይ አምስት ስለሆኑ ነው። ስድስት ቢሆኑ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሆን ነበር።

ነጥቧም ሌንሱ ውስጥ የገባች አቧራ ናት። ጥርት ያለ ነገር ላይ አትታይም፤ ብዥታው ውስጥ ብቻ ጥላዋን ትጥላለች።

ጃፓኖች ይህን ብዥታ ቦኬ ይሉታል። እኔ የጠላሁትን ሎሚ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይፈልገዋል። ሄሊዮስ 44-2 የሚባለው የሶቪየት ሌንስ ጥግ ላይ ያሉትን ሎሚዎች እርስ በርስ ያያይዛቸውና ጀርባው ሁሉ የሚሽከረከር ይመስላል። ብርሃኑን በሚያንጸባርቅ መስታወት የሚሠሩት፣ ሩቁን የሚያቀርቡት ሌንሶች ደግሞ መሐላቸው ላይ ብርሃን የሚጋርድ ትንሽ መስታወት ስለተቀመጠ ብዥታቸው እንደ ቀለበት መሐሉ ባዶ ነው። ጓሳ ወጥተን ጭላዳ ስናነሣ ያገኘነው ቱሪስት ያሳየን ፎቶ ላይ ጤዛው ሁሉ ቀለበት የሆነው ለዚህ ነው። «ኤዲት ነው» ብዬህ ነበር። አልነበረም።

ወንድሜ፣ አንድ ፎቶ አገላብጬ ባይ ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት ባልባከነ። አላየሁም። ቃልህንም አላመንኩም። ይቅር በለኝ።

ሌንሱን አልሸጥኩትም። የፋሲካውን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤዋለሁ፤ በቀኝ በኩል ጧፍ ይዘህ የቆምከው አንተ ነህ፣ ከጀርባህ ሎሚዎቹ ተደርድረዋል። ለእናታችን ሰጥቻቸው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል። ጥር 7 ለሥላሴ ና። ሐዋሳ ሥራ ቢበዛብህም ሁለት ቀን አታጣም። ሌንሱን አንተ ትይዘዋለህ፣ እኔ ሌላውን እይዛለሁ።

ያንተው፣
ከደብረ ብርሃን